ማይልዎን ከመመንዘርዎ በፊት፦ ከጅማ ለሚበር መንገደኛ ማወቅ ያለብዎ

ጅማ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። አየር መንገዱ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከከፈታቸው የአገር ውስጥ መስመሮች አንዱ የጅማ ነበር። ዛሬ ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው መንገደኛ ዓይነቱ ብዙ ነው፦ የአጋሮና የሊሙ ቡና አቅራቢ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ለዑምራ የሚሄዱ ባልና ሚስት፣ ለሥራ ወደ ሪያድ የምትጓዝ ወጣት፣ እናቱን ሊጠይቅ ከአሜሪካ የመጣ ልጅ። ለአብዛኞቹ የትኬት ወጪ ከዓመቱ ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ነው። ከወጪው ጋር አብሮ የሚመጣውን፣ በኋላ ለትኬት የሚመነዘረውን ማይል ግን ብዙው ሰው አያስመዘግብም፤ ያስመዘገበውም ሳይጠቀምበት ጊዜው ያልፍበታል። በላብ የተገኘ ገንዘብ ስለሆነ ያስቆጫል።

ስለ ማይል የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው አምስት ስድስት አየር መንገድ ለአንድ መንገደኛ በሚሻማበት ከተማ ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 የማይል ፕሮግራሙን ሲጀምር ዓላማው ደንበኛው ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድበት ማሰር ነበር። ጅማ ላይ ግን መደበኛ በረራ ያለው አንድ አየር መንገድ ነው፤ ምርጫው ያለው ቦሌ ከደረሱ በኋላ ነው። ርቀቱንም ይመልከቱት። ከጅማ አዲስ አበባ በአየር 163 ማይል ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጅዳ ወደ 880፣ ዱባይ ከ1,500 በላይ፣ ዋሽንግተን ደግሞ ከ7,100 በላይ ነው። በርቀት ብቻ ካሰሉት፣ ዋሽንግተን አንዴ ደርሶ የተመለሰ ሰው የበረረውን ያህል ለመብረር በጅማ መስመር አርባ አራት ጊዜ ያህል ደርሶ መልስ መመላለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የጅማ ሰው ከማይል የሚጠቀመው ወደ አዲስ አበባ በሚመላለስባቸው ጉዞዎች ብዛት አይደለም። ሦስት ነገሮች ይወስናሉ፦ የጅማው በረራ በየትኛው ትኬት ላይ እንደተጻፈ፣ ረጅሙ በረራ በማን ቁጥር እንደተመዘገበ፣ የተጠራቀመውም መቼ እንደተመነዘረ።

የጅማው በረራ በየትኛው ትኬት ላይ ነው?

ከውጭ የሚመጡ ከሆነ፣ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የሚያማክሩ ከሆነ፣ ከማይሉም በፊት ይህ ይቅደም። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሌላ አየር መንገድ ቦሌ ገብቶ የጅማውን ትኬት ለብቻው ሲገዛ የሚጠየቀው ዋጋ የአገሬው ሰው ከሚከፍለው በጣም ከፍ ይላል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመጣ መንገደኛ ግን በዓለም አቀፍ ትኬቱ ምክንያት በአገር ውስጥ በረራ ላይ ጉልህ ቅናሽ የሚሰጥበት አሠራር ለዓመታት ቆይቷል። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ከገዛ በኋላ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒያፖሊስ ከባሕረ ሰላጤ አገሮች አየር መንገዶች በአንዱ የመጣ ቤተሰብ በአንድ ሰው መቶ ዶላር አተረፍኩ ብሎ ይነሣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ለአራት ሰው የጅማ ደርሶ መልስ በሙሉ ዋጋ ይቆረጥለትና ያተረፈው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ዋጋ ሲያወዳድሩ እስከ ቦሌ ያለውን አያወዳድሩ፤ እስከ ጅማ ያለውን ያወዳድሩ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለዎት ደግሞ በየትኛው ታሪፍ እንደሚስተናገዱ ከመክፈልዎ በፊት መታወቂያውን አሳይተው ይጠይቁ።

ከዚያ የሚሻለው የመጨረሻ መዳረሻዎ ጅማ ተብሎ ሁሉም በአንድ ትኬት እንዲቆረጥ ማድረግ ነው። ጥቅሙ ከዋጋው ያልፋል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ የጅማው ቢያመልጥዎ፣ በአንድ ትኬት ከሆነ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከሆኑ ግን ያመለጠው የእርስዎ ኪሳራ ነው። የሻንጣውም ነገር እንዲሁ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ የኢኮኖሚ መንገደኛ በተለምዶ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ይመጣል። በአንድ ትኬት ከሆነ ይኸው ፈቃድ እስከ ጅማ አብሮት ይዘልቃል፤ የአገር ውስጡን ለብቻው ከገዛ ግን አነስ ያለው የአገር ውስጥ የኪሎ ገደብ ይሠራበትና ለትርፍ ኪሎ ይከፍላል። ለእናት የተገዛ ጫማና መድኃኒት፣ ለእህት ልጆች የተገዛ ልብስ ሁሉ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲቆጠር አንጀት ይበላል።

ቦሌ ላይ እንዳይቸገሩ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ። መነሻው ላይ ሻንጣው ሲለጠፍበት ወረቀቱን ያንብቡ። የጅማ ምልክት ጄ-አይ-ኤም ነው፣ የአዲስ አበባ ኤ-ዲ-ዲ። ኤ-ዲ-ዲ ብቻ ከተጻፈበት ሻንጣዎ ቦሌ ላይ እርስዎን ይጠብቃል፤ ጄ-አይ-ኤም ቢልም አዲስ አበባ ተቀብለው በጉምሩክ ማሳለፍ ሊኖርብዎ ስለሚችል፣ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ አስተናጋጆቹን ይጠይቁ። የአገር ውስጥ መንገደኞች የሚስተናገዱበት ክፍል ከዓለም አቀፉ የተለየ ነው። ከበድ ያለ ሻንጣ የያዙ አዛውንት ብቻቸውን ከሆኑ፣ ትኬቱ ሲቆረጥ የተሽከርካሪ ወንበር ድጋፍ እንዲመዘገብላቸው ያድርጉ፤ ይህ አገልግሎት አይከፈልበትም።

ማታ ገብተው በማግስቱ ወደ ጅማ የሚቀጥሉ ከሆነ ስለ ሆቴሉም አስቀድመው ያንሱ። አየር መንገዱ ረጅም ሰዓት ለሚጠብቁ የትራንዚት መንገደኞች ማደሪያ የሚሰጥበት አሠራር አለው፤ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የስካይላይት ሆቴልም የራሱ ነው። ነገር ግን ቀጣዩ በረራ የአገር ውስጥ ሲሆን ማደሪያው መኖር አለመኖሩን ትኬቱን የሚቆርጠው ሰው በግልጽ ይንገርዎ።

ከጅማ ተነሥተው ወደ ውጭ የሚሄዱም ይህንኑ ይያዙ። ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው ከቦሌ የሚነሡት ሌሊት ላይ ነው። ክረምት ላይ የጅማ ዝናብና የጠዋት ጭጋግ በረራ ሲያዘገይ አዲስ አይደለም። ትኬትዎ አንድ ከሆነ የዚያኑ ቀን መነሣት ይችላሉ። ሁለት ከሆነ አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይደሩ።

ቁጥርዎና ስምዎ ትኬቱ ላይ በትክክል አሉ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም የሆነው የሼባ ማይልስ አባልነት በነፃ ነው፤ የሚሰጥዎት ቁጥር ግን ትኬቱ ላይ ካልተጻፈ ምንም አይሠራም። የትኬት ደረሰኝዎን ዘርግተው ይመልከቱት። የትኬቱ ቁጥር በ071 የሚጀምር ከሆነ የቆረጠው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ከበረራው ቁጥር አጠገብ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች፤ የትኬት ክፍልዎን የምትነግርዎ እሷ ናት። ሁለት ሰዎች ኢኮኖሚ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሙሉውን ርቀት፣ ሌላው ከፊሉን ብቻ የሚያገኙት በዚህች ፊደል ልዩነት ነው። እጅግ የወረደ ዋጋ ያለው ትኬት የሚያስገኘው ማይልም ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ የሻንጣው ፈቃድ ይመጣል፤ 2 ፒሲ ከተባለ ሁለት ሻንጣ ነው። የአባልነት ቁጥርዎ እዚያው ከስምዎ አካባቢ መታየት አለበት። ከሌለ ቼክ ኢን ላይ ያስገቡት።

በኦሮሚያ ላለ መንገደኛ ትልቁ ጣጣ የስም አጻጻፍ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ስሙ በቁቤ ይጻፋል፤ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ልማድ ይሰፍራል። ጫልቱ በቁቤ በሲ ትጀምራለች፣ በእንግሊዝኛ ልማድ በሲ-ኤች። ጣሃ በቁቤ በኤክስ ይጀምራል፣ በሌላው በቲ። ሰውየው አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰው አድርጎ ያየዋል። የአባልነት ቁጥሩን በአንዱ አጻጻፍ ከፍተው ትኬቱን በሌላው ከቆረጡ ማይሉ አይገባም፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ የዓለም አቀፍ ጉዞ ትኬት ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ከመሳፈርም ያስቀራል። ሁሉንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ያድርጉት። የአያት ስም የገባበትን ቦታም ያረጋግጡ፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ ተለዋውጦ የተመዘገበ ብዙ ነው።

ማይሉ ገብቶ እስኪያዩ ድረስ ቦርዲንግ ፓሱን አይጣሉ። ያልገባ ማይል በኋላ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ የሚጠየቀውም ማስረጃ ይኸው ወረቀት ነው።

የከፈለው ሌላ፣ የበረረው ሌላ ከሆነስ?

ማይል የሚገባው ለከፈለው ሰው አይደለም፣ ለበረረው ነው። ይህን ማወቅ ለሁለት ዓይነት ሰዎች በጣም ይጠቅማል።

አንደኞቹ ድርጅታቸው የሚልካቸው ናቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህር ለስብሰባ ሲሄድ፣ የአጋሮ አካባቢ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ተወካይ ለቡና ትርኢት ዱባይ ወይም አሜሪካ ሲላክ ትኬቱን የሚከፍለው ሌላ ነው፤ ማይሉ ግን በተጓዡ ስም ይገባል። መሥሪያ ቤትዎ በዚህ ላይ የራሱ ደንብ ካለው ያክብሩት፤ ከሌለው ቁጥርዎን ሳይሰጡ አይሂዱ።

ሁለተኞቹ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆቻችን ናቸው። ከጅማ ዞን በየዓመቱ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ሳውዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄዳሉ። ስለ ማይሉ ከማውራቴ በፊት ስለ ትኬቱ ልናገር፦ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት የደርሶ መልስ መጓጓዣ ወጪን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። የቪዛና የሥራ ፈቃድ ክፍያም እንዲሁ። «ለትኬት ይህን ያህል ክፈይ» የሚል ደላላ ሲመጣ ልጅቷም ቤተሰቧም ይህን አዋጅ በስሙ ይጥሩለት፤ ቡናውን ሳይለቀም ሸጦ፣ በሬውን አውጥቶ ለደላላ የሚከፍል አባት እንዳይኖር። በሕጋዊ መንገድ ስትሄድ ደግሞ በነፃ የሚከፈተውን የአባልነት ቁጥር ከመነሣቷ በፊት በራሷ ፓስፖርት ስምና በራሷ ስልክ ያስከፍቱላት። የሚስጥር ቁጥሩን እሷ ትያዘው። መሄጃውና ለዕረፍት መመላለሻው አብረው ሲጠራቀሙ በላቧ ያገኘችው ነገር ነውና የራሷ ይሁን።

በየትኛው ፕሮግራም ላጠራቅም?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ሆኗል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ በረው ማይሉን በሌላ አባል አየር መንገድ ፕሮግራም ማስመዝገብ ይችላሉ፤ በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ ወይም በኢጅፕት ኤር በረውም በሼባ ማይልስ ማስመዝገብ ይችላሉ። ኤምሬትስ፣ ኳታርና ሳውዲያ ከዚህ ኅብረት ውጭ ናቸው። ዘንድሮ በሳውዲያ፣ ከርሞ በኤምሬትስ፣ ከዚያ በኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው በየቦታው ለምንም የማትበቃ ጥቂት ጥቂት ይዞ ይቀራል። አልፎ አልፎ ለሚበር ሰው አንድ ቦታ ማጠራቀም ይሻላል።

ጅማና አዲስ አበባ እየኖሩ በኢትዮጵያ ለሚመላለሱ ሼባ ማይልስ ይሻላል። ደረጃዎ ሲያድግ የሚያገኙት የሻንጣ ጭማሪና ቅድሚያ የሚጠቅምዎት እዚሁ ነውና። በአሜሪካ ለሚኖርና በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ብቻ ለሚመጣ ሰው ግን የምመክረው ሌላ ነው። የሼባ ማይል የጊዜ ገደብ አለው፤ የዚሁ ኅብረት አባል የሆነው የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ማይል ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አያረጅም። እንዲህ ያለው መንገደኛ የኢትዮጵያ በረራውን በዩናይትድ ቁጥሩ ቢያስመዘግብ ረጅም ጊዜ ሳይባክን ይቆይለታል። ከዚያ በፊት ግን የትኬቱ ክፍል በዩናይትድ ሰንጠረዥ ስንት እንደሚያስገኝ ይመልከት፤ አንዳንዱ ርካሽ ክፍል የሚያስገኘው በጣም ትንሽ ነው።

በአሜሪካ የባንክ ካርድ ነጥብ ያላቸው ደግሞ ሌላ በር አላቸው። አንዳንድ ካርዶች ነጥቡን ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤር ካናዳ ፕሮግራም ያዘዋውራሉ፤ በዚያም የኢትዮጵያ አየር መንገድን መቀመጫ መያዝ ይቻላል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ማይሉ የእርስዎ ሆኖ ተሳፋሪዋ እናትዎ ሊሆኑ ይችላሉ። የእናትን ትኬት በዚህ መንገድ የሸፈነ ልጅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ቅደም ተከተሉን ግን አይሳቱ፦ መጀመሪያ ቪዛ፣ ቀጥሎ ባዶ መቀመጫ ፍለጋ፣ በመጨረሻ ነጥብ ማዘዋወር። ከባንክ ወደ አየር መንገድ የተዘዋወረ ነጥብ አይመለስም።

ማይሌ ስንት ብር ያወጣል?

በማይል የተገኘ ትኬት ነፃ አይደለም። የአውሮፕላን ማረፊያ ታክስና ሌሎች ክፍያዎች በጥሬ ገንዘብ ይከፈላሉ። ስለዚህ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ትኬቱ በገንዘብ ቢገዛ ከሚያወጣው ላይ በማይል ሲወስዱም የሚከፍሉትን ይቀንሱ፤ የቀረውን በሚጠየቁት የማይል ብዛት ያካፍሉ። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። አንድ የአገር ውስጥ ደርሶ መልስ በገንዘብ 11,000 ብር ቢሆን፣ በማይል ሲወሰድ 15,000 ማይልና 2,000 ብር ቢጠየቅ፣ እያንዳንዱ ማይል የተመነዘረው በ60 ሳንቲም ነው። አንድ የውጭ አገር ትኬት በገንዘብ 80,000 ብር ቢሆን፣ በማይል ደግሞ 30,000 ማይልና 20,000 ብር ቢጠየቅ፣ ማይሉ ሁለት ብር አወጣ ማለት ነው። ያው ማይል ነው፣ ዋጋው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል። የአገሬው ሰው በአገር ውስጥ ታሪፍ በብር ለሚገዛው የጅማ በረራ ማይል ማውጣት ብዙ ጊዜ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የብር ምንዛሪም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አልፏል። የዓለም አቀፍ ትኬት ዋጋ መሠረቱ ዶላር ስለሆነ በብር የሚከፍለው መንገደኛ ሸክሙ በረታበት። ማይል ግን በብር ስለማይቆጠር፣ አስቀድሞ ያጠራቀመው ሰው ማይሉ በብር ሲተመን ከፍ አለለት። በብር ገቢ ለሚተዳደር የቡና ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ለአሥር ዓመት አከማቻለሁ ማለት አይደለም፤ አየር መንገዶች ለአንድ ትኬት የሚጠይቁትን የማይል ብዛት በፈለጉ ጊዜ ከፍ ያደርጋሉ፣ ቀኑም ያልቃል።

መቼ ልመንዝረው?

የቡና አገር የራሱ የጉዞ ወቅት አለው። እሸት ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፤ ገንዘብ እጅ ላይ የሚገባው ከዚያው ጀምሮ ነው። ልክ በዚያው ጊዜ ገናና ጥምቀት ይመጣሉ፣ የውጭው ሰው ይገባል፣ ትኬት ይወደዳል። በማይል የሚሰጡ መቀመጫዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ በእነዚህ ሳምንታት ቀድመው ያልቃሉ። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ክረምትና የሐጅ ሰሞንም እንዲሁ ነው። ለገና የሚያስቡ ከሆነ ገና ክረምቱ ሳይወጣ ይፈልጉ። ቀን ማንሸራተት የሚችሉ ከሆነ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ በጣም ይቀላል፤ የደረቀው ጀንፈል ወደ ገበያ የሚወጣበት ወቅት ስለሆነ ዘመድዎንም ቡናው ተሰብስቦለት እፎይ ብሎ ያገኙታል።

እኔ ማይል ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለድንገተኛ ጉዞ ነው እላለሁ። ሰው ታመመ፣ ወይም አረፈ ተብሎ ሲደወል ነገ የሚነሣ ትኬት ዋጋው ሰማይ ይነካል። ለቅሶ ለመድረስ ሰው ይበደራል። ያን ጊዜ በማይል የተለቀቀ መቀመጫ ከተገኘ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ብር የማያወጣው ማይል ብዙ እጥፍ ያወጣል። ስለዚህ ሁሉንም ለመዝናኛ አይጨርሱት፤ ቤተሰቡ ባሕር ማዶ የተበተነ ሰው ለአንድ ትኬት የሚሆን ያህል ቢያቆይ አስተዋይነት ነው። የሚያበቃበት ቀን ግን ስልክዎ ላይ ይመዝገብ።

የሐጅ ጉዞን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልናገር፦ በቡድን የሚቆረጡ ትኬቶችና ቻርተር በረራዎች ብዙ ጊዜ ማይል አያስገኙም። ለዑምራ በግል የሚሄዱ ከሆነ ግን እንደማንኛውም መንገደኛ ቁጥርዎን ይስጡ፤ ባልና ሚስት ለየብቻ ቁጥር ይኑራቸው።

«ቅናሽ አለ» ሲባሉ

እውነተኛ ቅናሽ አለ። በ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን የውጭ ኗሪው ወደ አገሩ እንዲገባ ጥሪ ሲደረግ አየር መንገዱ ቅናሽ ማድረጉ ይታወሳል። ሆኖም ቅናሽ ሁሉ ገደብ አለው፤ የሚጎዳውም ዋጋውን እንጂ ገደቡን ያልጠየቀ ነው። ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ለትኬት ቆራጩ ያንብቡለት፦

— ቀን ብቀይር ስንት ይቆረጥብኛል? ብሰርዝስ ይመለስልኛል?
— በየትኞቹ ቀናት አይሠራም?
— ሻንጣው ስንት ነው? እስከ ጅማ ነው ወይስ እስከ ቦሌ?
— የትኬት ክፍሉ ማይል ያስገኛል?

የጥቅል ጉዞ፣ ማለትም ሆቴልና ትኬት አብሮ የሚሸጥ ከሆነ፣ የሆቴሉን ስም ይጠይቁና ለየብቻው ዋጋውን ይደምሩ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ድምር ነው።

ስለ ማጭበርበሩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአየር መንገድን የምሥረታ በዓል ወይም የአውዳመትን ስም ይዞ «ነፃ ትኬት ደርሶዎታል፣ ይህን ለአሥር ሰው ይላኩ» የሚል መልእክት በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲመጣ አይክፈቱት፤ እናትዎም እንዳይከፍቱት ይንገሯቸው። ትኬት በግለሰብ የቴሌብር ቁጥር አይከፈልም። በወኪል ከገዙ ደግሞ የትኬቱን ቁጥር ተቀብለው በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም ቢሮ ያረጋግጡ፤ የተያዘ ቦታና የተቆረጠ ትኬት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት መለያ ብቻ ነው፤ የትኬት ቁጥር ከሌለው ገንዘብዎ ገና ትኬት አልሆነም።

ቡናው፣ ማሩና መኪናው

ከጅማ ቡና ሳይዝ የሚሄድ የለም። ቡና ከአገር የሚወጣበት መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 የሚመራ ስለሆነ ለዘመድ የሚይዙት የተቆላና የታሸገ ይሁን፤ የሚፈቀደውን መጠን ከጉምሩክ ጠይቀው ይያዙ። የቦንጋና የጌራ ማር በእጅ ሻንጣ አያልፍም፣ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራልና፤ በትልቁ ሻንጣ በደንብ ታሽጎ ይግባ።

መብረር ራሱ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። አዲስ አበባ ጅማ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወልቂጤን፣ የጊቤን ሸለቆና ሶኮሩን አልፎ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ቦንጋ ከመቶ በላይ፣ በደሌ ደግሞ ወደ 140። ለበደሌ ወይም ለቦንጋ ሰው አውሮፕላኑ ከቆጠበለት ሰዓት ላይ የጅማ አዳርና የመኪና ኪራይ ይቀነሳል። በአገር ውስጥ ታሪፍ የሚከፍል ጤነኛ ሰው በነጋታው በረራ ከሌለው በአውቶቡስ ሊሄድና ገንዘቡን ለረጅሙ ጉዞ ሊያቆየው ይችላል። አዛውንት፣ ነፍሰ ጡርና ከሕክምና የሚመለስ ሰው ግን ይብረሩ።

በመጨረሻ ወደ ማይሉ ልመለስ። ማይልዎ ለትኬት ሳይበቃ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ከተቃረበ፣ ለሚቀጥለው ረጅም በረራ ወደ ተሻለ ክፍል ለማደግ ወይም ለትርፍ ሻንጣ ይውል እንደሆነ ይጠይቁ። ይህን የሚጠይቁበት ጊዜ ትኬቱ ሲቆረጥ ነው፤ ቼክ ኢን ላይ ከደረሱ በኋላ ብዙ ጊዜ አይቻልም።